ያልተሳበው የእጅ ፍሬን

ተማሪዎቹ ከጀርባው «ጋሽ ፍሬን» ይሉታል። ያውቃል፤ አውቆም ዝም ይላል፤ እንዲያውም ስሙን ሳይወደው አልቀረም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ መኪና መንዳት ሲያስተምር አንድ ሰው ሳይገጭ፣ አንድ አጥር ሳይነካ የኖረው በእግሩ ሥር ባለችው ትርፍ ፍሬን ነው። የመለማመጃ መኪና ለአስተማሪውም የራሱ ፍሬንና ፍሪሲዮን ይገጠምለታል፤ ተማሪው መሪውን ይዞ ሲደናበር አስተማሪው ከጎን ሆኖ በእግሩ ነፍስ ያድናል። የቀኝ ጫማው ሶል ሁልጊዜ ከግራው ቀድሞ ያልቃል።

ሰውየው ግን የራሱ መኪና ኖሮት አያውቅም። ጠዋት በአውቶቡስ ማሠልጠኛው ይደርሳል፣ የመጀመሪያው ተማሪ መኪናዋን ከግቢ ያስወጣታል፣ ማምሻውን የመጨረሻው ተማሪ ይመልሳታል። እሱ ከጎን ተቀምጦ ያዛል። በተለይ መኪና ሲቆም የሚላት አንዲት ነገር አለችው፦ «ፍሬን ያዝ። ዜሮ ማርሽ። የእጅ ፍሬን። ሞተር አጥፋ።» በቀን ሠላሳ ጊዜ ይላታል። እሱ ይላታል፣ የሌላ ሰው እጅ ይፈጽማታል። አንዳንድ ቀን ሶፋው ላይ ሲያንጎላጅ ሁሉ ታመልጠዋለች፤ ሚስቱም «አቁሜያለሁ፣ መምህር» ብላ ትመልስለታለች።

ሚስቱ ይህን ቀልድ የመቀለድ መብት አላት፤ ተማሪው ነበረችና። ከአሥራ አራት ዓመት በፊት፣ አንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በተቀጠረች ሰሞን፣ መንጃ ፈቃድ ላውጣ ብላ መጣች። ዳገት ላይ መኪናዋ ወደ ኋላ ስትንሸራተትባት «አለቀልኝ!» ብላ ዓይኗን ጨፈነች። እሱ ፍሬኑን ረግጦ፣ ድምፁን እንኳ ከፍ ሳያደርግ፣ «ዓይንሽን ግለጪ፤ የትም አልሄድንም» አላት። ገለጠችና አየችው። እንዴት እንዳየችው እስከ ዛሬ አልረሳውም። ችግሩ፣ ከዚያ ወዲህ እንደዚያ አድርጋ አይታው አታውቅም። ትዳራቸው ክፉ አይደለም፤ ግን የትኛዋ ሚስት ናት ባሏን አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ከሞት እንዳዳናት ሰው የምታየው? ይህን ለራሱ ቢነግረውም ሆዱ አልሰማውም።

እንዲህ እያለ ነው ታናሽ ወንድሙ መኪና የገዛው።

ታናሽየው ፍሪጅ ጠጋኝ ነው። ገና በልጅነቱ በጉንጩ የተነሳ «ድንቡሼ» ብለውት፣ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሞልቶትም ስሙ አለቀቀውም። አላገባም። ፍሪጅ ሊጠግን የገባበት ቤት ምሳ ሳያበላው አያስወጣውም። እናታቸው እሱን ስታይ ፊቷ ይፈካ ነበር፤ ጎረቤት ይወደዋል፤ የማንም ድመት እግሩ ሥር ትተኛለች። ታላቅየው ሰው እንዲለምደው ሦስት ወር ይፈልጋል፤ ድንቡሼ በር አንኳኩቶ እስኪከፈትለት ይበቃዋል። መንዳት ያስተማረው ደግሞ ማን ሆነና! ያውም ሁለት ጊዜ ፈተና ወድቆ፣ በሦስተኛው ፈታኙን ሲያስቀው ውሎ ነው ያለፈው።

መኪናዋ ያገለገለች ናት፤ ግን ሰማያዊ፣ የምታበራ፣ ወንበሯ የማይጮህ። ጋሽ ፍሬን «እንኳን ደስ አለህ» ብሎ ጭረት ፍለጋ ሦስት ጊዜ ዞራት። አንድም አላገኘም። ይህም አናደደው።

«ጋሼ፣ ሦስት ቀን ዕረፍት ውሰድ» አለ ድንቡሼ፣ ኮፈኑን በመዳፉ እየዳበሰ። «የባሕሩን ዳር ይዘን መንገዱ እስከሚያልቅበት እንሂድ። አንተና እትዬ፣ እኔና ይቺ እመቤት።»

ሚስቱ እንደ ልጅ አጨበጨበች። አሥራ አራት ዓመት «አንድ ቀን ባሕር አሳይሻለሁ» ሲላት የኖረው እሱ ነበር። አሁን ሌላ ሰው ሊያሳያት ነው። ጥርሱን ነክሶ «ጥሩ ሐሳብ ነው» አለ።

ማለዳ ተነሡ። ታላቅነቱ የፊት ወንበር አስገኘለት፤ ሚስቱ ከኋላ መሃል ላይ ተቀምጣ በሁለቱ ወንበሮች መካከል አንገቷን አሰገገች። መንገዱ በግራ ገደል፣ በቀኝ ባሕር ነው። ጋሽ ፍሬን ግን ባሕሩን አላየም፤ ዓይኑ የወንድሙ እጅ ላይ ነው። በየኩርባው ቀኝ እግሩ ወለሉን ይረግጣል፤ ወለሉ ላይ ደግሞ ምንም የለም።

«ስፖኪዮ እይ።»

«አይቻለሁ፣ ጋሼ።»

«ማርሽ ቀንስ።»

«ቀንሻለሁ፣ ጋሼ።»

«ፍሬቻስ?»

«ጋሼ፣ በዚህ በኩል እኮ ውሃ ነው። ለዓሣዎቹ ላብራላቸው?»

ሚስቱ ሳቀች። እንዲያው ለይሉኝታ የሚሳቅ ሳቅ አይደለም፤ ግንባሯን የፊቱ ወንበር ላይ አስደግፋ፣ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ። ጋሽ ፍሬን በልቡ ቆጠረ። እስከ ቀትር ድረስ ሰባት ጊዜ ሳቀች፤ ሰባቱም በድንቡሼ። እሱ ራሱ አንድ ጊዜ ሞክሮ ነበር፤ አንድ ተማሪው ዝናብ መጥረጊያውን ፍሬቻ መስሎት ስላደረገው ነገር ተናገረ። «አዎ፣ ይቺን ነግረኸኛል» አለች፣ በደግነት።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ የባሰውን ሰማ። «ዋርሳዬ፣ አነዳድህ እንዴት ልብ ያሳርፋል!» አለችው ለድንቡሼ።

ልብ ያሳርፋል! ይህን ልብ የሚያሳርፍ አነዳድ ማን ነው በስንት ትዕግሥት እዚያ ድንቡሽቡሽ እጅ ውስጥ ያስገባው? ፍሪሲዮን ቀስ ብሎ መልቀቅን ማን አስተማረው? የኔ እጅ አመድ አፋሽ ነው አለ በሆዱ። እውነቱን ለመናገር ወንድሙ ደህና ነው የሚነዳው። ታላቅየውን ያቃጠለውም ይኸው ነው፤ መጥፎ ቢነዳ ኖሮ እንዴት ደስ ባለው።

በማግስቱ ጠዋት ንጹሕ ሸሚዙን ለብሶ ወጣና «ዛሬ እኔ ልንዳ» አለ።

ድንቡሼ አላቅማማም። ቁልፉን ወረወረለት። «ኧረ ጋሼ! ከፈጣሪ በታች መኪና ያንተ አይደለም እንዴ?»

ነዳ። እንዴት አድርጎ ነዳ! ሁለት ሰዓት ሙሉ በዚያ ጠማማ መንገድ ላይ መቀመጫው ላይ የተቀመጠ ብርጭቆ ውሃ ጠብ አይልም ነበር። ማርሹ ሲገባ አይሰማም፤ ኩርባው ሲያልቅ አይታወቅም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ለሌላ ሰው ሲያዝ የኖረውን ሁሉ በገዛ እጁ ሠራው። በመጨረሻም፣ አሁን እንኳ ታየኛለች ብሎ፣ በስፖኪዮው ወደ ኋላ አየ።

ሚስቱ አፏን ከፍታ ተኝታለች።

ያሳደደውን አውቶቡስ ደርሶበት በሩ ፊቱ ላይ እንደተዘጋበት ሰው ሆነ። ድንቡሼ ያን ጊዜ የኦቾሎኒ ከረጢት በጥርሱ ሲቀድ ድምፁ ቀሰቀሳት። ዓይኗን አሻሽታ፣ አንገቷን አስግጋ፣ «ዋርሳዬ፣ ደረስን እንዴ?» አለች።

ዋርሳዬ! መሪ የያዘው ሌላ፣ የተጠየቀው ሌላ። ጋሽ ፍሬን ደሙ ፈላ። ደረስን አልደረስን ሳይል፣ መንገዱ ዳር ወደተሰበሰቡ ጥቂት ቤቶች ታጠፈና ዓሣ አጥማጆች ጀልባ ወደ ባሕር የሚያወርዱበት የሲሚንቶ ቁልቁለት አፋፍ ላይ፣ ሜዳው ላይ አቆመ።

«ፍሬን ያዝ» አለ፤ በንዴት ውስጥ ሆኖም ድምፁ ያው የአስተማሪ ድምፅ ነው። «ዜሮ ማርሽ። የእጅ ፍሬን።»

«እሺ፣ ጋሼ» አለ ድንቡሼ ከጎኑ፣ አፉ በኦቾሎኒ እንደተሞላ፣ የድሮ ተማሪ ነውና እንደ ልማዱ።

«ሞተር አጥፋ።» ሞተሩን አጠፋ። ወረደ። በሩን ጠርቅሞ ወደ ውሃው ሄደ፤ ሚስቱም ተከተለችው።

ድንቡሼ የሻይ ፔርሙዙን ከኋላ ሊያወጣ ቀርቶ ነበር። አወጣና የዕቃ መጫኛውን ክዳን ድው አድርጎ ዘጋው። ሲዘጋው መኪናዋ ትንሽ ነቅነቅ አለች። ከዚያ ሄደች። መጀመሪያ እንደ ሽማግሌ ቀስ ብላ ነው፤ የፊት ጎማዋ ቁልቁለቱን ሲይዝ ግን ፈጠነች። ድንቡሼ ፔርሙዙን ታቅፎ «ኧረ! ኧረ! ቁሚ!» እያለ ሮጠ። አልቆመችም። በባልና ሚስቱ አጠገብ ሽው ብላ አልፋ በአፍንጫዋ ባሕር ገባች፣ እስከ መስኮቷ ድረስ። ክላክሷ ብቻውን መጮህ ጀመረ።

እዚህ ላይ መደበቅ አያስፈልግም። መኪናዋ ውሃ ስትገባ፣ ጋሽ ፍሬን ገና ምን እንደሆነ ሳያስብ፣ ለአንዲት ቅጽበት አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። ያቺ ጭረት ያልነበረባት ሰማያዊ መኪና! ከዚያ በኋላ ነው ቀኝ እጁን ያየው። ያ እጅ ቁልፉን እንጂ ሌላ ምንም እንዳልነካ ትዝ አለው። ማርሹ ዜሮ ነው። የእጅ ፍሬኑን አዟል፤ አልሳበም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እሱ እያለ ሌላው ይስባል፤ ዛሬ ደግሞ ሌላ አልነበረም።

«እኔ ነኝ!» አለ ድንቡሼ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይዞ። «እኔ ነኝ ጉደኛው! ጋሼ የእጅ ፍሬን ብሎኛል፤ እሺ ብያለሁ፤ ኦቾሎኒዬን ስቅም ረሳሁት!»

ሚስቱ ዞራ ባሏን አየችው። አፉን ከፈተ። ክላክሱ ይጮሃል፤ ሰዎች ከየቤቱ ወጥተው ይሮጣሉ። «አይዞህ፤ በሰው የሚደርስ ነው» አለና አፉን መልሶ ዘጋው።

ጀልባ የሚጎትት ትራክተር ያለው ሰውዬ መጣ፤ ሰንሰለት ይዞ ከድንቡሼ ጋር እስከ ወገቡ ውሃ ገባና አሠረላቸው። መኪናዋ በየበሯ ውሃ እየተፋች ወጣች። ሰውየው ኮፈኑን ከፍቶ አየና ራሱን ነቀነቀ። «ሞተሩ የባሕር ውሃ ጠጥቷል፤ በቶሎ በደህና ውሃ ታጥቦ ጋራዥ ካልገባ ዝገት ይበላዋል። ጎትቶ የሚወስዳችሁ የጭነት መኪና ነገ ይመጣል። ደግሞስ ማነው እንዲህ ያቆማት?»

«እኔ» አለ ድንቡሼ። «ይኸው ሞኙ እኔ ነኝ። ፍሪጅ ስጠግን ኖሬ መኪናዬንም ላቀዝቅዛት ብዬ።»

ትራክተር ነጂው ሆዱን ይዞ ሳቀ። ከበው የቆሙትም ሳቁ። አንዲት ሴት ፎጣ አመጣችለት፤ ሌላው «አይዞህ ወንድሜ፣ የኔም ጀልባ አንዴ ብቻዋን ሄዳለች» አለው። ለጋሽ ፍሬን ፎጣ የሰጠው የለም፤ ለምንስ ይሰጡታል፤ እሱ ጥንቁቁ ነው።

አንድ ደግ ቤተሰብ ክፍል አከራያቸው፤ መኪናዋም ግቢው ውስጥ ተገፍታ ገባች። ሻይ ቀርቦ ተጠጣ። ከዚያ ድንቡሼ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ወንበሮቹንና ምንጣፎቹን በቧንቧ ውሃ ማጠብ ያዘ። ሚስቱ ታግዘዋለች። ጋሽ ፍሬን «ጀርባዬን አሞኛል» ብሎ ክፍሉ ውስጥ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ በመስኮት ያያል።

ወንበሩ ሥር ትንሽ ሸርጣን ተገኘ። «ይኸውልሽ እትዬ፣ ነጻ ተሳፋሪ!» አለ ድንቡሼ። ሚስቱ እንደገና እንደ ትናንቱ ሳቀች፤ ባልዲው ላይ ተደግፋ። ከዚያ እርጥብ እጇን ትከሻው ላይ አሳርፋ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «አንተ እኮ መልካም ሰው ነህ፣ ዋርሳዬ» አለችው።

ይህን ሲሰማ ጋሽ ፍሬን ከአልጋው ተነሣ። ቅናት ሌላው ያለውን መመኘት ነው ይባላል፤ እሱ ግን የቀናው በገዛ ጥፋቱ ነው። ጥፋቱን ወንድሙ ወሰደበት። አይዞህ መባሉንም ወሰደ፣ ሳቁንም ወሰደ፣ ፎጣውንም ወሰደ። አሁን ደግሞ ትከሻው ላይ ያረፈችውን እጅ። ያ ሁሉ የማን ነበር? የመኪናዋ አሟሟት የማን ሥራ ነው? በሩን በርግዶ ወደ ግቢው ወጣና፣ የተሰረቀበትን ዕቃ ሰው እጅ ላይ ያገኘ ይመስል፣ «የኔ ነው!» አለ። «ጥፋቱ የኔ ነው! የእጅ ፍሬኑን ያልሳብኩት እኔ ነኝ!»

ድንቡሼ ቀና ብሎ አየው። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ምንጣፉን ጥሎ መጣና በእርጥብ ልብሱ አንገቱ ላይ ተጠመጠመበት።

«አየሽው፣ እትዬ? ታላቅ ወንድም ማለት ይኼ ነው። እኔን ሊያጽናና ብሎ በራሱ ላይ ይዋሻል። ተው ጋሼ፤ አንተ የእጅ ፍሬን ትረሳለህ ብል ድፍን ከተማው ይስቅብኛል። በል ግባ፣ ጀርባህን አሳርፍ።» ባልዲውን አንሥቶ፣ አፍንጫውን በክንዱ እየጠረገ፣ ከቤቱ በስተጀርባ ወዳለው ቧንቧ ሄደ።

ባልና ሚስት ብቻቸውን ቀሩ። እጇን በቀሚሷ አደረቀች። አልሳቀችም።

«ከኋላ መሃል ላይ ነበርኩ» አለችው። «የእጅ ፍሬን ስትል አይቼሃለሁ። እጅህ ቁልፉ ላይ ነበር። ያንተን ትእዛዝ ሰምቼ እጄን የምዘረጋው እኔ ነበርኩ እኮ ድሮ፤ አውቀዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«አንተ እንድትናገር ነዋ። አሁን ይናገራል አልኩ። ትራክተሩ ሲመጣ፣ አሁን ይናገራል አልኩ። ሻይ ስንጠጣ፣ አሁን አልኩ። እሱ ሰው መሃል ሞኝ ነኝ ሲል አንተ እጅህን አጣምረህ ቆመሃል። ከእሱ ጋር ስስቅ የዋልኩት ለምን ይመስልሃል? ካቆምኩ ዞሬ አንተን ማየት ሊኖርብኝ ነው።»

«ነገርኩት እኮ! ይኸው አሁን ነገርኩት፤ ሰምተሻል።»

«ሰምቻለሁ። ግን ቀንተህ ነው የነገርከው።»

ዳገት ላይ ዓይኗን ገልጣ ያየችው ሴት ፊቱ ቆማለች፤ አሁንም በደንብ እያየችው ነው። ሁለት ቀን ሙሉ እዪኝ ሲል የከረመው ሰውዬ ዓይኑን ጫማው ላይ ጣለ።

«ያውም አላመነህም» አለችው። «ሂድና እስኪያምንህ ድረስ ንገረው።» ምንጣፉን ከመሬት አንሥታ ገመዱ ላይ ማስጣት ጀመረች።

ከቤቱ ጀርባ ድንቡሼ ባልዲውን እየሞላ በፉጨት ያንጎራጉራል። ጋሽ ፍሬን አጠገቡ ቆመና ከመጀመሪያው ጀመረ። እጁ ቁልፉ ላይ እንደነበረ፣ መሪ የያዘው እሱ እንጂ ሌላ ሰው የእጅ ፍሬን የመሳብ ግዴታ እንዳልነበረበት፣ ይህንንም መኪናዋ ውሃ እንደገባች ወዲያው እንዳወቀ ነገረው። መኪናዋ ስትሰምጥ ደስ እንዳለው ሳይቀር ነገረው። በመሃል ድንቡሼ ሁለት ጊዜ «ተው እንጂ ጋሼ» አለ፤ በሦስተኛው አላለም። ፉጨቱንም አቆመ፤ ቧንቧውን ዘጋው።

«ትራክተር ነጂው ሲስቅብኝ ታውቅ ነበር?» አለ።

«አውቅ ነበር።»

«ቀኑን ሙሉ?»

«ቀኑን ሙሉ።»

ድንቡሼ እርጥብ መዳፉን ፊቱ ላይ አሳለፈ። የሆነ ቀልድ ይመጣል ብሎ ጋሽ ፍሬን ጠበቀ፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የወንድሙን ቀልድ ተመኘ። አልመጣም። ድንቡሼ የሞላውን ባልዲ አንሥቶ ወደ መኪናዋ ተመለሰ፤ ጀርባውን ሰጥቶም የሹፌሩን ወንበር ያጥብ ጀመር። ሚስቱም ምንጣፎቹን ታሰጣለች። ግቢው ውስጥ ከውሃው ድምፅ በቀር የሚሰማ የለም። ይህ ሳቅ በቆመልኝ እያለ ሁለት ቀን ከርሟል፤ ይኸው ቆመለት። ጋሽ ፍሬን ሌላውን ባልዲ አምጥቶ ቧንቧው ሥር አስቀመጠ፤ ከፈተውና እስኪሞላ ቆመ።